መስፍኑ እስኪቀመጥ ድረስ

ሰው ለምን ሥራ እንዳቆምኩ ሲጠይቀኝ «ጉልበቴ» እላለሁ። ኦርጋን በእጅ ብቻ ሳይሆን በእግርም ስለሚመታ ጠያቂው ያምነኛል፤ ከንፈሩን ይመጥጥልኛል፤ ስለ ራሱ ጉልበት ያጫውተኝና እንለያያለን። ጉልበቴ ግን ደህና ነው። ሊፍቱ በተበላሸ ቀን ከቶተንሃም ገበያ የሸመትኩትን ተሸክሜ ቤቴ ድረስ በደረጃ እወጣበታለሁ። ሥራ ያስቆመኝ ፍርሃት ነው። እንዲያውም ስለ ሥራ ዘመኔ ልጻፍ ካልኩ ከፍርሃት ሌላ የምጽፈው ብዙ የለኝም።

የፈራሁት ሞትን አይደለም። አንድ እሑድ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ዜማው መሀል መንገዱ ጠፍቶብኝ ስዞር፣ ሁሉም ሰው እያወቀ እኔ ብቻ ሳላውቅ እንዳልቀር ነው። ፈሪ ነሽ ብትሉኝ አልቀየምም፤ ግን ይህን ነገር ከራሴ አልፈጠርኩትም። ሲሆን አይቻለሁ። ያየሁትም ከማንም ይልቅ ቀርቤ፣ እዚያው የኦርጋኑ ወንበር ዳር ቆሜ ነው።

ስሜ ለተብርሃን ነው። ያደግኩት አሥመራ ሲሆን የተማርኩት በአማርኛ ስለሆነ፣ ብዕር ስይዝ የሚቀናኝ ይኸው አማርኛ ነው። በካቶሊክ መነኮሳይያት ትምህርት ቤት፣ ጸሎት ቤቱ ውስጥ፣ በእግር እየተረገጠ የሚነፋ አንድ አሮጌ ሃርሞኒየም ነበር። ሲስተሮቹ ጣቶቼ ረዣዥም ናቸው ብለው እሱ ላይ አስቀመጡኝ። መሣሪያው ከግድግዳ ጋር ተጠግቶ ስለቆመ የሚጫወተው ሰው ጀርባውን ለበሩ ይሰጣል። አንድ ቀን በቅዳሴ መሀል በሩ ተከፈተና የቦት ጫማ ኮቴ ሰማሁ። ዞሬ ማየት ፈራሁ፤ ማቆምም ፈራሁ። ያለኝ ነገር መጫወት ብቻ ስለሆነ ተጫወትኩ። ወታደሮቹ ከኋላዬ ማንን ይዘው እንደሄዱ ያወቅኩት ከወጡ በኋላ ነው፤ የመዘምራኑን መሪ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጀርባዬን ለበር ሰጥቼ ሻይ ቤት እንኳ ተቀምጬ አላውቅም። እንጀራዬ ግን ጀርባን ለሰው ሰጥቶ መቀመጥ ሆነ፤ እግዜር እንደዚህ ይቀልዳል።

በሱዳን አድርጌ ለንደን ገባሁ። መጀመሪያ ሂትሮው ኤርፖርት ጽዳት ሠራሁ። ልጄ ራሄል ተወለደች። አባቷ ቶሎ ስለሄደ እኔም ቶሎ ልለፈው። የሥራ ቀኔ እንደ ፈረቃው ይለዋወጣል፤ እሑድን ግን በልመናም በጭቅጭቅም አስከብራለሁ። ከቶተንሃም ባቡር ቀያይሬ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ከሚባለው ሰፈር አጠገብ ያለች አንዲት የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። ጎረቤቶቼ እዚሁ አፍንጫሽ ሥር ቤተ ክርስቲያን እያለ ምን ያህል ብትጸድቂ ነው ይሉኝ ነበር። ጽድቅ አልነበረም። እዚያ ያለው ኦርጋን የቧንቧ ኦርጋን ስለነበረ ነው።

ኦርጋኑ ከዋናው በር በላይ ሰገነት ላይ ቆሟል፤ ከሰው የሚረዝሙ ቧንቧዎችም አሉት፣ ከእርሳስ የሚያጥሩም አሉት። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ሲወጣ እኔ እታች ቆሜ የመጨረሻው ድምፅ እስኪጠፋ እጠብቃለሁ። አንድ እሑድ ኦርጋኒስቱ ራሳቸው በጠባቡ ደረጃ ወርደው መጡ። ቀጭን፣ ሽበታም፣ ኮታቸው ክርኑ ላይ የተጠገነ እንግሊዛዊ ናቸው። ሚስተር ሃድሊ ይባላሉ።

«ሁልጊዜ እዚህ ቆመሽ ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉኝ።

«እስኪያልቅ ነው።»

«አላለቀም እኮ። አቆምኩት እንጂ።»

ልዩነቱ አልገባኝም፤ መልኬም ሳይናገርብኝ አልቀረም። ወደ ደረጃው አመለከቱኝ። በዚያ ደረጃ የወጣሁ ቀን ሥራዬን ጀመርኩ ማለት ነው።

የቧንቧ ኦርጋን ለማያውቅ ሰው ይህችን ብቻ ልንገር። ከጣት ሰሌዳው ግራና ቀኝ የእንጨት እጀታዎች ተደርድረዋል። አንዱን እጀታ ሲስቡት ለአንድ ረድፍ ቧንቧ አየር ይለቀቅለታል፤ አንዱ የዋሽንት ድምፅ ያወጣል፣ ሌላው የመለከት። ወደ ውስጥ ሲገፉት ያ ድምፅ ይዘጋል። ሁሉም እጀታ ከተገፋ ጣት ቁልፎቹ ላይ ቢጨፍር እንኳ ምንም አይሰማም። ተጫዋቹ ሁለት እጁም ሁለት እግሩም ሥራ ላይ ስለሆነ፣ አጠገቡ ቆሞ እጀታ የሚስብና የሚገፋ፣ ገጽ የሚገልጥ ሰው ያስፈልገዋል። የሚስተር ሃድሊ ረዳት አገር ቀይሮ ሄዶባቸው ነበርና ቦታውን ለኔ ሰጡኝ፤ በምትኩ ማስተማር ጀመሩኝ።

አመላቸው ብዙ ነው። ለኦርጋን ብቻ የሚያደርጉት ሶሉ የሳሳ የቆዳ ጫማ ነበራቸው፤ በጨርቅ ከረጢት ይዘውት ይመጣሉ፣ በዚያ ጫማ ደጅ አይረግጡም። ኦርጋኑን ከመክፈታቸው በፊት ዜማውን በሙሉ በተዘጋው ክዳን ላይ ይጫወቱታል፤ የጣታቸው ኳኳታ ብቻ ይሰማል። «ጣትሽ ካላወቀው ጆሮሽ ያታልልሻል» ይላሉ። እኔ ስለማመድ እታች ወርደው መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይሰሙኛል። ሲመለሱ ጎበዝ አይሉም፣ ሰነፍም አይሉም። ጉሮሯቸውን ጠርገው «የት የት ተሳሳትሽ?» ብለው ይጠይቃሉ። ከቆጠሩት አሳንሼ ከነገርኳቸው ከስሕተቱ ይልቅ በዚያ ይቀየማሉ።

ለራሳቸውም እንዲሁ ነበሩ። በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ጫማቸውን እየፈቱ «እኔስ ዛሬ የት ተሳሳትኩ?» ይሉኛል። እንግዲህ እኔ ታላቅን አክብሮ መኖርን በእናቴ ቤት የተማርኩ ሰው ነኝ። አባቴን የሚያህሉ ሰው «የት ተሳሳትኩ» ሲሉኝ ምን ልበል?

«የትም አልተሳሳቱም፣ ሚስተር ሃድሊ።»

ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ነገሩም እዚያው ያበቃል።

ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ከብዙ ዘመን በፊት በጀርመን አገር፣ አንዲት ትንሽ ግዛት ውስጥ የመስፍኑ ቤተ መንግሥት ኦርጋኒስት የነበረን አንድ ሰው ነበር። ስሙን በፊደላችን ልጽፈው ብሞክር ስድብ እየመሰለ አስቸገረኝ፤ ሚስተር ሃድሊም ቢሆኑ «የኔ ሰው» ነበር የሚሉት። የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ነው። በጉብዝናው ተቀጥሮ ቤተ መንግሥት ገባ፤ ጸሎት ቤት ውስጥ ይጫወታል፣ ማዕድ ሲቀርብ ይጫወታል፣ ለየበዓሉ አዲስ ዜማ ይደርሳል፣ የመስፍኑን ሴቶች ልጆች ያስተምራል። ከደመወዙ ግማሹን በማገዶና በእህል ይሰፍሩለታል። ያለ መስፍኑ ፈቃድ ከከተማዋ በር መውጣት አይችልም።

የቤቱ ሥርዓት እንዲህ ነበር። መስፍኑ የጸሎት ቤቱን ደፍ ሲረግጡ ኦርጋኑ ይጀምራል፤ ወንበራቸው ላይ ሲቀመጡ ያቆማል። መስፍኑ ደግሞ እግራቸውን ያማቸዋል። አንድ ቀን ፈጠን ብለው ይገባሉ፣ አንድ ቀን በየመቀመጫው ቆመው ሰላምታ ይሰጣሉ፣ አንድ ቀን መሀል መንገድ ላይ ቆመው ይቆጣሉ። ኦርጋኒስቱ ጀርባውን ሰጥቶ በትንሽ መስታወት ብቻ ነው የሚያያቸው። አንድ ፋሲካ ዜማው ጣፍጦት ኖሮ መስታወቱን ሳያይ ቀረ። መስፍኑ ተቀምጠው ጠበቁት። ሲጨርስ ወታደሮች በደረጃው ራስ ላይ ቆመው ነበር፤ ወስደው ከዘበኞቹ ክፍል ቆለፉበት።

ከዚያ በኋላ የደረሳቸው ዜማዎች በሙሉ መውጫ አላቸው። የትም ቦታ ሆነህ መስፍኑ ቢቀመጡ፣ በጥቂት ኖታ ውስጥ ታጥፈህ በሥርዓቱ የምትዘጋበት ቦታ አለ። መስፍኑ ካልተቀመጡ ደግሞ መውጫውን አልፈህ ዜማው ወደተጀመረበት ቦታ ትዞራለህ። ሰሚው መታጠፉን አያውቅም፤ ሁሌም እዚያ ሊያልቅ የታሰበ ይመስለዋል። ሚስተር ሃድሊ በየገጹ መውጫዎቹን በእርሳስ ትንሽ በር እየሣሉ ምልክት ያደርጉባቸዋል። እኔ ያንን ሰው የወደድኩት ስለ ዜማው ውበት ነው ብል እዋሻለሁ። ፍርሃቱን አውቀው ስለነበረ ነው።

ሲያረጅ መስፍኑ በሌላ ተኩት አሉ። እሱ ግን መምጣቱን አልተወም፤ ከኦርጋኑ ኋላ፣ ወናፍ ከሚነፉት ሠራተኞች መሀል እየተቀመጠ ይሰማ ነበር። ራሄል ካደገች በኋላ ኢንተርኔት ላይ ፈልጋ ያገኘችው ስሙንና ከሁለት መስመር የማይበልጥ ታሪክ ብቻ ነው። ምናልባት ግማሹን ሚስተር ሃድሊ ናቸው የፈጠሩት። ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት፤ ሚስትም ልጅም የላቸውም፤ ሰው ደግሞ የሚያወራለት ዘመድ ያስፈልገዋል።

ሚስተር ሃድሊ መውጫውን የሳቱት ዝናብ በበዛበት አንድ ክረምት ነው። የመግቢያው ዜማ ነበር። ቄሱ ፋዘር ዶናል መሠዊያው ጋ ደርሰው ቆመዋል፤ ከኦርጋኑ በላይ በተሰቀለው መስታወት አያቸዋለሁ። ሚስተር ሃድሊ የበሩን ምልክት አልፈው ዞሩ። ሆን ብለው መሰለኝ። ሁለተኛውንም አለፉ። ቀና ብዬ ፊታቸውን ሳይ ዓይናቸው ገጹ ላይ ነው፤ ግን የሚያነብ ሰው ዓይን አልነበረም። ክው አልኩ። ጣቶቻቸው አንድም ኖታ አልሳቱም፤ ለዚህም ነው ይበልጥ ያስፈራኝ። አሳምረው እየተጫወቱ ጠፍተዋል።

እጃቸውን መያዝ ነበረብኝ ትሉ ይሆናል። እንግሊዛዊ ረዳት ቢሆን ትከሻቸውን ነካ አድርጎ ጨርሶት ነበር። እኔ ግን በሥራ ላይ ያለን ትልቅ ሰው እጅ መያዝ በጥፊ ከመምታት ለይቼ አላየውም። እጄ ሳላዘው ወደ እጀታዎቹ ሄደ። ከፍ ያለውን ድምፅ ገፋሁ፤ ቀጥሎ ሌላውን። ኮቴ እንዳይሰማ ሁሌም በካልሲ ነበርኩና ከኋላቸው ዞሬ የግራዎቹንም ዘጋሁ። ዜማው ቀስ በቀስ እየራቀ ሄዶ አንዲት ዋሽንት ቀረች፤ እሷንም ገፋኋት። ቤተ ክርስቲያኑ ጸጥ አለ። እታች ላለው ሰው በጣም የሚያምር አጨራረስ ነበር። ሚስተር ሃድሊ ግን ድምፅ በሌላቸው ቁልፎች ላይ መጫወታቸውን ቀጠሉ፤ እንጨቱ ብቻ ኳ ኳ ይላል። ከዚያ ጣታቸው እየዘገየ ቆመ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ፋዘር ዛሬ ቸኩለዋል» አሉ።

«አዎ፣ ቸኩለዋል» አልኩ።

በሚቀጥለው እሑድ ደህና ነበሩ፤ ከዚያ ቀጥሎ ባለውም። ጌታዬ ተመስገን ስል ያው ነገር እንደገና መጣ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ እጠብቀው ጀመር። ቅዳሴው አልቆ ጫማቸውን ወደ ከረጢቱ ሲያስገቡ ብቻ ትንፋሼ ይመለሳል። ለፋዘር ብናገር ያሰናብቷቸዋል። ከዚያ ያ ሰው ከኦርጋኑ ወርደው ወዴት ይሄዳሉ? ለራሳቸው ብነግራቸው ደግሞ አይቼው በማላውቅ ዓይን ያዩኛል ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ግን፣ ስሜን አሳጥረው ሌቲ እያሉ፣ በየሳምንቱ መጠየቃቸውን አልተዉም።

«ዛሬ የት ተሳሳትኩ፣ ሌቲ?»

«የትም፣ ሚስተር ሃድሊ።»

ይህ በእንዲህ እያለ ዓመት ዞረ። እጅግ ጎበዝ ሆኜ ነበር ማለት እችላለሁ። ድምፁን ሳሳንስ ራሴ የዜማውን ስሜት እከተላለሁ፤ ምእመናኑ የኦርጋኑ አጨራረስ ከዓመት ዓመት እያማረ መጣ ይሉ ነበር። ምስጋናውን ሲሰሙ ሚስተር ሃድሊ ግራ የገባው ፈገግታ ይታይባቸዋል። እኔ ደግሞ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኛል።

የቀብሩ ቀን እንዲህ ሆነ። በመዘምራኑ ውስጥ ብዙ ዘመን ያገለገሉ አንዲት ሴት ዐርፈው ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሳምንቱን ሙሉ ዘንቦ ግድግዳው ሳይቀር እርጥበት ይተፋል። ሬሳው ሲገባ «የኔ ሰው» የሚሉትን የመስፍኑን ኦርጋኒስት ዜማ እንጫወታለን። ሚስተር ሃድሊ ያን ዕለት ስሜት ይዟቸው ኖሮ የመለከቱን እጀታ በገዛ እጃቸው ሳቡት። ለሟቿ ክብር ነው ብዬ ዝም አልኩ።

ሬሳው መሠዊያው ፊት ዐረፈ። ተሸካሚዎቹ ወደ ኋላ አሉ። ፋዘር ዶናል እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። ሚስተር ሃድሊ መውጫውን አልፈው ዞሩ።

የለመድኩትን ጀመርኩ። ዋሽንቶቹን ዘጋሁ፤ በኋላቸው ዞሬ የግራዎቹን ዘጋሁ፤ ተመልሼ መለከቱን ገፋሁት። አልገባም። እንጨቱ በእርጥበቱ አብጦ ነክሶ ይዟል። እንደገና ገፋሁት፣ በመዳፌ መታሁት፤ ወይ ፍንክች። የሚያለብሰውን ድምፅ ሁሉ እኔው ስለዘጋሁት አሁን መለከቱ ብቻውን ራቁቱን ቀርቷል። ያንኑ ዙር እያዞረ በሬሳው ላይ ይጮኻል። ምንም ባላደርግ ይሻል ነበር።

በዚያ መስታወት ሁልጊዜ የማየው የሰው ማጅራት ነው። ያን ዕለት ፊት አየሁ። ሰው ሁሉ ዞሮ ወደ ላይ እያየ ነው። የሟቿ ልጅ ከመቀመጫው ተነስቷል። እግሬን ከወንበሩ ጋር አስደግፌ በሁለት እጄ እጀታውን ስገፋ ወንበሩ ተነቃነቀ፤ ሚስተር ሃድሊም ዞር አሉ።

አቆሙ። መለከቱ መሀል ላይ ተቆረጠ።

መጀመሪያ እጆቼን አዩ። ከዚያ የተዘጉትን እጀታዎች በቀኝ በኩል፣ ቀጥሎም በግራ በኩል፣ አንድ በአንድ ተመለከቷቸው። ሲገባቸው ፊታቸው ላይ አየሁት፤ ባላየው በወደድኩ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ካለፈው ክረምት።»

ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ፈቱ። በከረጢቱ ውስጥ ከተቱት። ከወንበሩ ተነስተው ቦታውን በእጃቸው አሳዩኝ። የቀረውን ቀብር እኔ ተጫወትኩ፤ ምን እንደተጫወትኩ አላስታውስም። ሳልጨርስ በደረጃው ሲወርዱ ኮቴያቸውን ሰማሁ። ዞሬ አላየሁም።

ፋዘር ዶናል አየርላንዳዊ ናቸው፤ ሰውን ማጽናናትም ማዘዝም ባንድ ትንፋሽ ይሆንላቸዋል። «አንቺ ምንም አላጠፋሽም፤ ወንበሩ ግን ባዶውን አያድርም፣ እሑድ ነይ» አሉኝ። ቦታው እንደዚያ የኔ ሆነ። ክፍያው ስለማያኖር ሂትሮውንም ለጥቂት ዓመታት ጎን ለጎን ሠራሁ።

ሚስተር ሃድሊን ልጠይቃቸው እስክሄድ ሳምንታት አለፉ። በራቸው ላይ ቆሜ ደወሉን ሳልጫን ሁለቴ ተመልሻለሁ። በመጨረሻ ገባሁ። ሻይ ቀዱልኝ፤ ስለ ዝናቡ አወራን። ልሄድ ስነሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሌቲ፣ በየሳምንቱ እጠይቅሽ ነበር እኮ።»

ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አነገትኩ።

«ብትነግሪኝ ኖሮ ክዳኑን ራሴ እዘጋው ነበር።»

ቁጣ አልነበረበትም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት ራሴ እንኳ ይቅርታው ለምኑ እንደሆነ አላወቅኩም። ዛሬም አላውቅም። ያ እሑድ ተመልሶ ቢመጣ እጃቸውን እይዝ ነበር ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ አልይዝም። እሳቸው የጠየቁኝ በእንግሊዛዊ ልብ ነው፤ እኔ የመለስኩት በሐበሻ ልብ ነው። ሁለታችንም በየልባችን ደህና ነበርን፤ የተጎዱት ግን እሳቸው ናቸው።

የአረጋውያን መኖሪያ ከገቡ በኋላም እሄድ ነበር። መጨረሻ ላይ ስሜን አጡት። ጣቶቻቸው ግን ጠረጴዛው ላይ ይጫወታሉ። ዜማውን ስለማውቀው እከታተላለሁ፤ መውጫው ጋ ሲደርሱ ትንፋሼን እይዛለሁ። ያልፉትና ይዞራሉ። ከዚያ በባቡር ስመለስ የራሴን ጣቶች እያየሁ ነው የምመለሰው።

የኔ ዘመን ረዘመ። ፋዘር ዶናል ሄደው ሌላ መጡ፤ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ የነበሩት ትልልቅ ሕንፃዎች ፈርሰው በመስታወት የተሠሩ ተተኩ፤ ከታች የሚሰማው ጸሎት እንግሊዝኛው አንሶ ስፓኒሹ በዛ። የ«የኔ ሰው» ዜማ ግን ሥራ አልፈታም። ሙሽራ ትዘገያለች፤ ሙሽራው ያልበዋል፤ እኔ በመውጫው አጠገብ እያለፍኩ እዞራለሁ። አንድ የሐበሻ ሰርግ ላይ እልልታው ከኦርጋኑ በልጦ የራሴን ድምፅ ሳልሰማ ጨርሼ አውቃለሁ። በዚህ ሁሉ ዓይኔን ከመስታወቱ አልነቅልም።

ፍርሃቱ ግን መልኩን ለወጠ። ምስጋና መፍራት ጀመርኩ። አንዱ መጥቶ «ዛሬ እንዴት ያምር ነበር» ሲለኝ ዓይን ዓይኑን አያለሁ። ምኑ ነው ያማረው? ማን ነው ያሳመረው? ሰው ትልቅ ሴት ላለማሳፈር ምን ያህል ሊዋሽ እንደሚችል ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ራሴን በስልክ መቅዳት ጀመርኩ፤ ከዚያ የቀዳሁትን መስማት ፈራሁ። ስልኩ ሞላብኝ እያለ ሲጮኽ የቀዳሁትን ሳልሰማ አጠፋለሁ፣ እንደገና እቀዳለሁ። ሃኪሜ ጋ ለደም ግፊት ስሄድ ነገሩ ምላሴ ላይ ይደርስና ስለ ጉልበቴ አውርቼ እመለሳለሁ። ጉልበቴ እዚያ ነው የታመመው።

ባለፈው የትንሣኤ ሰሞን አንድ ሰርግ ነበር። ራሄል እኔን ለመውሰድ መጥታ ሰገነቱ ላይ ከጎኔ ተቀመጠች። ለንደን ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፤ አፏ ፈጣን፣ ይሉኝታ የሚባል ነገር ያልፈጠረባት እያልኩ የምቀልድባት። ሰርጉ አልቆ ባቡር ውስጥ ገባን። ዝም አለች። ራሄልና ዝምታ አይተዋወቁም።

«ዛሬ እንዴት ነበርኩ?» አልኳት።

«ቢዩቲፉል ነበር፣ ማሚ።»

ወደ መስኮቱ ዞረች። መስኮቱ ላይ የሚታይ ነገር የለም፤ ዋሻ ውስጥ ነን። እኔ ለሚስተር ሃድሊ «የትም» ስል ወዴት አይ እንደነበር አስታወስኩ።

«ራሄል፣ እናትሽ ነኝ። የት ነው የተሳሳትኩት?»

«ማሚ ፕሊዝ፣ ቤት እንነጋገር።»

ያን ጊዜ አወቅኩ። ቤት ገብተን ኮቷን ሳታወልቅ ቆማ ተናገረች። «ሙሽራዋ ደርሳ ቆማ ነበር። ቄሱ ወደ ላይ ሁለቴ አይተዋል። አንቺ ደግሞ ስማይል እያደረግሽ መልሰሽ ጀመርሽው። አይ ዋዝ ስኬርድ፣ ማሚ፣ ፈራሁ። በስተመጨረሻ ራስሽ አቆምሽው፤ ግን ብዙ ቆየ።»

«የመጀመሪያው ነው?»

አንገቷን ነቀነቀች። «ገናም ላይ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዳላሳፍርሽ ብዬ ነዋ!» ብላ እንባዋ መጣ። ይሉኝታ አልፈጠረባትም ያልኳት ልጅ። ከኔ ሌላ ከማን ተማረችው?

አቅፌያት ብዙ ቆየን። ቁጭ ብለን ከተረጋጋን በኋላ አንድ ነገር አስማልኳት። ከዛሬ ጀምሮ የምታየውን ሁሉ፣ ባይጠቅመኝም፣ ቢያስለቅሰኝም፣ ሳትቀንስ ትነግረኛለች። በሳምንቱ ለቄሱ ማቆሜን ነገርኳቸው። ጉልበቴ ነው አልኩ። ራሄል ሃኪሙ ጋ ቀጠሮ ቡክ አደረገችልኝ፤ ቀኑ ገና ነው። በየጠዋቱ ስነቃ ቶሎ ብዬ ነገሮችን በየስማቸው እጠራቸዋለሁ፤ መስኮት፣ ጫማ፣ ራሄል። እስካሁን ሁሉም አሉ።

ይህን ጽሑፍ እንደጨረስኩ መጀመሪያ ያነበበችው እሷ ናት። አማርኛ ስታነብ ቀስ ስለምትል ኩሽናው ውስጥ ስጠብቃት ሻዬ ቀዘቀዘ። ወረቀቶቹን ይዛ መጣችና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ማሚ፣ የቀብሩን ቀን ሁለት ጊዜ ጽፈሽዋል።»

«ደጋግሜዋለሁ ማለትሽ ነው? ጠቅሼው ይሆናል።»

«ኖ። ሙሉውን። ከዝናቡ ጀምሮ ጫማውን እስኪፈቱ። ቃል በቃል ሴም ነው።»

ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አስቀመጠችልኝ። አየኋቸው። የእጅ ጽሑፉ የኔ ነው። ሁለተኛውን መጻፌን አላስታውስም።

«የትኛውን ላውጣ?» አልኳት።

ዓይኗን ከዓይኔ አልነቀለችም። «ለውጥ የለውም፣ ማሚ። አንድ ናቸው።»

ፈራሁ። አመሰገንኳትና ሁለተኛውን አወጣሁት።